ወልቂጤ ያጨበጨበችበት ቀን

አዲስ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍና የጀነሬተር ጭስ አንድ ላይ ሲሸተኝ እጆቼን የማስቀምጥበት ይጠፋኛል። ዘንድሮ ለመስቀል ወደ አገራችን ቸሃ ስወጣ መኪና ለመቀየር ወልቂጤ ወረድኩና እንደዚያው ሆንኩ። ሜዳው ላይ ጎረምሶች መድረክ ይሠራሉ። አንዱ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ጣውላ ይመታል፤ ጀነሬተሩ ተንተፋትፎ ይነሳል፤ በትልቁ ሸራ ላይ የማላውቀው ዘፋኝ ጥርሱን አሳይቶ ቆሟል። «እህት፣ ትኬት ልስጥሽ? ላይቭ ነው!» አለኝ ትኬት ሻጩ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ሁለቱንም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኳቸው። የበረደኝ መሰለው።

የመጀመሪያዬን ኮንሰርት ያየሁት እዚሁ ሜዳ ላይ፣ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። መድረኩን የሠራው አባቴ ነበር።

አባዬ አናጺ ነው፤ ጴንጤ አናጺ። ቤታችን ዘፈን አይገባም። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍ ሲያደርግ እማዬ መስኮት ትዘጋለች። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ቲቸር ሰላም ደግሞ ዘፈን የሰማ ጆሮ ውስጥ ወደፊት ምን እንደሚፈስበት በዝርዝር ነግራናለች፤ የቀለጠ ነገር ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ስለዚህ አባዬ የኮንሰርት መድረክ ለመሥራት ሲስማማ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መጥተው መከሩት። «ለኦርቶዶክሱ የሬሳ ሣጥን ሠርቻለሁ፣ ለሐጂ መደርደሪያ ሠርቻለሁ፤ ጣውላ ሃይማኖት የለውም» ብሎ መለሳቸው። ዘፋኙ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ለጴንጤ ዘፋኝ ሁሉ አንድ ነው። ያቺ ሳትጠየቅ የቀረች ጥያቄ ናት ጉድ ያፈላችብን።

እታለም የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ቸሃ ውስጥ፣ እንሰት በከበበው ትልቅ ጎጆ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አባዬን በሕፃንነቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች፣ ፊቷ ሲቆም ሁልጊዜ ልጅ ነው። ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው የሰው ጥላ እንጂ መልክ አታይም፤ ሰውን የምትለየው በድምፁ ወይም ፊቱን ዳብሳ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ ሽብሩ። ሽብሩ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የታወቀ የጉራግኛ ዘፋኝ ከበሮ ይመታል። ግራኝ ነው። ቤታችን በመጣ ቁጥር የእማዬን ሳፋ ገልብጦ ይመታል፤ እማዬም «ጌታ ይገሥጽህ» እያለች በምቱ ልክ ወጥ ታማስላለች።

ሁሉንም አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ከዚያ መስከረም በኋላ ነገር ሲደበቅ አልወድም። ሽብሩ ሞቶ ነበር። ነሐሴ ላይ ባንዱ ከሩቅ አገር ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። የቤተሰቡ ወንዶች አዲስ አበባ ሄደው ቀበሩት። ለእናቱ ግን አልተነገራትም። እኛ ዘንድ መስቀል በሐዘን አይሰበርም፤ ለእናት ደግሞ መርዶ በስልክ ወይም መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ላይ፣ በሰው ተደግፋ ነው የምትሰማው። ዘመዱ የሚሰበሰበው ለመስቀል ስለሆነ «መስቀል ይለፍ» ተባለ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከቤታችን የማናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

አባዬ ቸሃ ሄዶ «ዓይንሽን እናሳይ» ብሎ ወደ ወልቂጤ አመጣት፤ መንደር ውስጥ አፍ የሚያመልጠው እንዳይኖር ነው። እሷ መንገዱን ሁሉ ስታጉረመርም መጣች። «መስቀል ሲደርስ ሰው ወደ አገሩ ይወጣል እንጂ ወደ ከተማ ይወርዳል? ያበዳችሁ ናችሁ!» ትላለች። ይዛ የመጣችው ያልተነጠረ ቅቤዋንና የሽብሩን ጣባ ነበር፤ ክትፎ የሚበላባትን፣ ጠርዟ ትንሽ የተሸረፈች ጥቁር ሸክላ። እኛ ቤት ተቀምጣ ቅቤውን በኮረሪማና በኮሰረት አነጠረችው። «ሽብሩ የሰው ቅቤ አይወድም» አለች። እማዬ ይህን ሰምታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ሽታው አስነጥሷት መሰለኝ።

ብዙ ነገር መሰለኝ ያን ሰሞን። አባዬ «ጣውላ ሊገዛ» ሄዶ ቀናት ቆይቶ ሲመለስ ፂሙን አሳድጎ ነበር፤ እታለም የምትመጣ ቀን ጠዋት ላይ ተላጨው። እየተላጨ ዓይኑ ደም መስሏል። ሳሙና ገብቶበት ነው ብዬ ውኃ አቀበልኩት፤ እጄን ይዞ ብዙ ቆየ። ሰዎች እታለምን ሲስሟት ቶሎ አይለቋትም። የሱቃችን ጎረቤት፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡት የቡታጅራው ሐጂ ነስሩ፣ ሳይጠየቁ ስኳር ላኩላት። ቲቸር ሰላም አጠገቧ ቁጭ ብላ እጇን ታሻሻታለች። «ሽብሩ ምነው ስልክ አልደወለ?» ስትል ሁሉም ባንድ አፍ «ውጭ አገር ናቸው፣ ለኮንሰርት» ይላሉ። እኔ ሁሉንም ደማምሬ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ፤ ለእታለም ትልቅ ስጦታ ተደብቆላታል። የልጅ ብልጠት እዚህ ድረስ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን አለፈች። የዘፋኙን ስም ጠርታ፣ ከነሙሉ ባንዱ ቅዳሜ ወልቂጤ እንደሚገባ ለፈፈች። እታለም ግቢ ውስጥ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ጎመኑን ጥላ ተነሳች፤ እልልታዋ ጎረቤት አስወጣ። «ከውጭ ተመለሰ! ሽብሩ መጣ!» ትላለች። አባዬ ከሱቁ መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ መጣና በሩ ላይ ቀጥ አለ። ሰው እንደዚያ ሲነጣ አይቼ አላውቅም።

«እታለም፣ ዝናብ ይመጣል» አላት ማታ።

«ጃንጥላ አለኝ።»

«ግፊያ ነው። ጉልበትሽስ?»

«ተሸከመኝ። እኔም ተሸክሜሃለሁ።»

«ሥራ ላይ ነው እኮ፣ ሊያናግርሽ አይችልም። ዘፍነው ወዲያው ወደ ሆሳዕና ያልፋሉ።»

«ማን ያናግረኝ አለ? ከበሮውን ልስማ ነው ያልኩት። ልጄ ደጄ ድረስ መጥቶ እኔ እቤት ልቀመጥ? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

ከዚህ በላይ ቢከለክላት ትጠረጥራለች፤ ተዋት። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ስብሰባ ተቀመጡ፤ አባዬ፣ ሐጂ ነስሩ፣ ቲቸር ሰላም፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። እኔ ከፍቅፋቂው ክምር ኋላ አሻንጉሊቴን እያለበስኩ ነበር። አባዬ የሽብሩ ስም መድረክ ላይ እንዳይነሳ ለአዘጋጁ ነግሮታል፤ አዘጋጁም ለዘፋኙ እነግራለሁ ብሏል። ችግሩ ዘፋኙ በሄደበት ከተማ ሁሉ ስለ ሽብሩ መናገሩ ነው። «ያ አዘጋጅ እስከ ቅዳሜ የራሱን ስምም ይረሳል» አሉ ሐጂ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙን ሊጠራ ሲል፣ ሁላችንም በአንድ ላይ እናጨብጭብ። ለሰዉ ሁሉ ይነገር። ወላሂ፣ ጉራጌ ካጨበጨበ ነጎድጓድም አይሰማ።»

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ስሙ ይጠራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሽብሩም ከተደበቀበት ብቅ ይላል! ለእታለም እንዳልነግራት ምላሴን ነክሼ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት እታለም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥለቱ የሚያምር ነጠላዋን ተከናንባ፣ በአባዬ ክንድ ሜዳው ገባች። አባዬ ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ሠርቶላታል። ቁጭ እንዳልን ስፒከሩ አንዴ ጓ! አለ። ሆዴ ውስጥ ሌላ ሰው ያንኳኳ መሰለኝ። ድምፅ በጆሮ ብቻ እንደሚገባ ነበር የማውቀው፤ ይሄኛው በእግር ገብቶ በጥርስ ይወጣል። እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅሁ።

ቀና ስል ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። ቲቸር ሰላም! ከፊታችን ተቀምጣለች፤ ዘፈን ቦታ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከጎኗ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ፣ ወዲያ ማዶ የመዘምራኑ መሪ። መቼም የዚያን ቀን የሆነብኝን ልነግራችሁ አልችልም። ወይ ዓለም አልቋል፣ ወይ ክልከላው ተነስቷል፣ ለእኔ ብቻ አልተነገረኝም። ሐጂ ነስሩ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከግራ በኩል እንደ ዘበኛ ነቅተው ተቀምጠዋል። ሁሉም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መድረኩን ሳይሆን እታለምን ያያሉ።

ባንዱ ወጣ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ፋሽን ነው አልኩ።

«ሽብሩ የታለ?» አለች እታለም።

«ያው፣ ከበሮው ጋ» አላት አባዬ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

እኔ አየሁት። ሽብሩ አይደለም። ረጅም፣ መላጣ ሰውዬ ነው፤ የሚመታውም በቀኙ። «እሱ አይደ…» ስል እማዬ ጭኔን ቆንጥጣ ቆዳዬን ልታወጣው ምንም አልቀራት። እሺ፣ ገና አልወጣም፣ ተደብቋል ብዬ ተጽናናሁ።

ዘፈኑ ተጀመረ፣ በጉራግኛ። ወጣቱ ከፊት ተሰልፎ ሲጨፍር አቧራው ጉልበት ድረስ ይነሳል፤ አንዱ ዘፈን ሲያልቅ «ይደገም! ይደገም!» ብለው ይጮኻሉ። «ምን እያሉ ነው?» አለች እታለም። «ሲወዱት እንደዚያ ይላሉ፤ እሱም እንደገና ይዘፍንላቸዋል» አልኳት፤ ራሴም ያኔ ነው ያወቅሁት። ሳቀች። የቲቸር ሰላም ተረከዝ ሳታውቀው ይመታል፤ ባየሁት ጊዜ ቁልቁል ተመለከተችውና አቆመችው። እታለም ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ ከበሮውን ታዳምጣለች። ሁለት ጊዜ «ዛሬ እጁ ከበደ» አለች። አባዬ «መንገድ ደክሞት ነው» አላት።

ከዚያ ዘፋኙ ባንዱን በእጁ ዝም አሰኘው። «ወልቂጤ! ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ዛሬ እዚህ መድረክ ላይ ከእኛ ጋር መቆም የነበረበት፣ የእናንተው ልጅ…»

ሐጂ ነስሩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ቲቸር ሰላም ተነሳች፣ ሽማግሌዎቹ ተነሱ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ሥጋ ሻጩ፣ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ፣ የማላውቃቸው ሴቶች፤ ሜዳው እንዳለ ተነሳ። የእኛ ሰው ሲያጨበጭብ ታውቃላችሁ፣ በመዳፍ ብቻ አይደለም፣ በትከሻ፣ በእግር፣ በእስትንፋስ ነው። ዘፋኙ ሕዝቡ የወደደው መሰለውና ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ጮኸ። ሕዝቡ ባሰ። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ቃል አይሰማም። እኔ አግዳሚው ላይ ወጥቼ መዳፌ እስኪነድ እያጨበጨብኩ የመድረኩን ጥግ፣ የስፒከሩን ኋላ፣ የሸራውን ግርጌ አያለሁ። ሽብሩ በየት በኩል ይወጣ ይሆን?

ከሜዳው ሁሉ ያላጨበጨበችው እታለም ብቻ ነበረች። እንደተቀመጠች እጇን ዘርግታ የአባዬን እጅ ፈለገች፤ እየተጨበጨበ ነው፣ ሊያዝላት አልቻለም። ክንዱን ተከትላ ወደ ላይ ወጣችና ፊቱን ዳሰሰችው። አገጩን፣ ጉንጩን፣ ከዓይኑ በታች። ጣቶቿ እርጥብ ሆነው ወረዱ። አባዬ እያጨበጨበ ያለቅስ ነበር።

እታለም ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ቀስ ብላ ገለበጠችው፤ እግሯ ሥር የነበረውን ጥለት ወደ ላይ አምጥታ ፊቷ ዙሪያ አደረገችው። ነጠላ አዘቅዝቆ የሚለብስ ሐዘንተኛ ነው፤ ይህን የሦስተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። እጆቼ አየር ላይ ቀሩ።

ጭብጨባው ከእኛ አጠገብ ጀምሮ ጠፋ። አንዱ ዞሮ ያያታል፣ እጁ ይወርዳል፤ ከፊቱ ያለው ዝምታው ደርሶበት ይዞራል፣ የእሱም ይወርዳል። እንዲህ እያለ ወደ ፊት ሄደ። መጨረሻ ላይ ከመድረኩ ሥር ጥቂት ጎረምሶች ብቻ ሲያጨበጭቡ ቆዩና እነሱም ዞረው አዩ። ጀነሬተሩ ብቻ ይንዶቀዶቃል። ዘፋኙ ማይኩን ደረቱ ላይ ይዞ ምን እንደሠራ የሚነግረው ይፈልጋል።

«ወልዴ» አለች አባዬን በስሙ ጠርታ። በጉራግኛ ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ግን ሁሉም ሰማት። «የልጄን ስም ሊጠራ ሲል ነው ያጨበጨባችሁት። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ይሸፈናል?»

አባዬ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «መስቀል እስኪያልፍ ብለን ነው፣ እታለሜ። ይቅር በይኝ።»

«ቅቤ አስነጠራችሁኝ» አለች። «አጠገቤ ቆማችሁ እያያችሁ ቅቤ አስነጠራችሁኝ! ለማን ነው ያነጠርኩት?»

ከዚያ በኋላ ጮኸች። ስፒከሩ ጓ ሲል የደነገጥኩት ድንጋጤ እዚያው ተረሳኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያህል ድምፅ ከአንዲት ቀጭን ሴት ሲወጣ ሰምቼ ደርቄ ቀረሁ። ሰዉ ሁሉ ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽብሩ እንደማይወጣ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሜዳ ሙሉ ሰው አቧራ ላይ ቁጭ ብሎ እኔ አግዳሚው ላይ ለብቻዬ ቆሜ።

ኮንሰርቱ በዚያው አበቃ። ለቅሶው ወደ ቸሃ ከመውጣቱ በፊት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ወንበር አነሰ። አባዬና ሐጂ ነስሩ ማለዳ ሄደው መድረኩን አፈረሱና ጣውላዎቹን በጋሪ አመጧቸው፤ በብሎኬት ላይ እያጋደሙ ለለቀስተኛው መቀመጫ አደረጓቸው። አንዳንዱ ጣውላ ላይ የሽቦ ማሰሪያ ፕላስተር እንደተለጠፈ ነበር። አጠገቤ ያለውን በጥፍሬ ልልጠው ስሞክር እማዬ እጄን መታችው።

ዘፋኙና ባንዱ መጡ። ትናንት የቆሙበት ጣውላ ላይ ዛሬ ተቀመጡ። ዘፋኙ ያለ መድረክ ሳየው አጭር ሰው ነበር። ተነስቶ እታለም እግር ላይ ወደቀ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነገረኝ ሰው የለም፣ አላወቅሁም።»

እታለም ፊቱን ዳሰሰችው። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ ያልተላጨ ጢሙን። «አንተ ምን አደረግህ?» አለችው። «ከዚህ ሁሉ ሰው ልትነግረኝ የነበረው አንተ ብቻ ነህ።» አባዬ አንገቱን ደፋ። «ተነስ። ትናንት የጀመርከውን ጨርስልኝ። ዛሬ የሚያጨበጭብ የለም።»

ዘፋኙ አባዬን አየው፤ አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ እጁን መደበቅ ጀመረ። ሐጂ ነስሩ ብብታቸው ሥር ከተቱ፤ ቲቸር ሰላም ተቀመጠችበት፤ እኔ ጉልበቶቼ መካከል አጣበቅኋቸው።

ዘፋኙ ቆመ። ማይክ የለውም።

«ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር መቆም የነበረበት፣ የእናንተው ልጅ፣ ከበሮ መቺያችን፣ ግራኙ ሽብሩ ነው። ሽብሩ ሞቷል። መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ከበሮውን በግራው አንዴ መታ አድርጎ «እናቴ ትሰማኛለች» ይል ነበር።»

እታለም ራሷን፣ ትናንት ከበሮውን ስታዳምጥ እንዳደረገችው፣ ዘንበል አደረገች።

«ይደገም» አለች።

ደገመው።